የማይጠወልገው ጽጌረዳ

አበባ መጠውለግ ካቆመ ወዲህ መቃብር የሚሄድ ሰው ጠፍቷል። የእናታቸው ሙት ዓመት ሲደርስ ስመኝ ወንድሟን መኩሪያን «አብረን እንሂድ» አለችው።

«ለምን ብለን? የቀብሯ ዕለት ያስቀመጥኩት ጽጌረዳ እኮ ዛሬም እንደ ፈካ ነው። ምርጡን ነው የመረጥኩላት!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ጎሽ! አንዴ ገዝተህ ተገላገልክ» አለችና ጥላው ወጣች።

የመቃብሩ በር ተቆልፎ አገኘችው። ዘበኛው ቁልፉን ፈልጎ እስኪያመጣ ብዙ ቆየ። ግቢውን አረም ወርሶታል፤ መተላለፊያው እንኳ አይታይም። በየሐውልቱ ላይ ያለው አበባ ግን ገና አሁን የተቀጠፈ ይመስላል።

ስመኝ ከእናቷ መቃብር አጠገብ ተንበርክካ አረሙን መንቀል ጀመረች።

«ምነው እትዬ፣ አበባው ተበላሸ እንዴ?» አላት ዘበኛው ግራ ተጋብቶ።

«አበባውስ ደህና ነው» አለችው ቀና ሳትል። «የተበላሸው ልጇ ነው።»