ስምንት ስሞች በዝርዝሩ ላይ

"እማዬ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ለምንድነው ሴት የሌለችው?"

ልጅቷ ይህን የጠየቀችው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በትምህርት ቤቱ መስኮት አጮልቃ አይታ ነው። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ያን ጊዜ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለነበር አልመለሰችላትም። ስፒሉን አውጥታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሷ ራሷ ትምህርት ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው።

አሁን ልጅቷ አሥራ አምስት ሞልቷታል። ለሚመጣው ዓመት ኮምፒውተር መርጣ ተመዝግባለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። አክስቷ "ይቺ ልጅ ማሽን ልታገባ ነው መሰለኝ" እያለች ትስቅባታለች።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ስለ ማርፈድ፣ ስለ ጫማ ቀለም፣ ስለ ደንብ ልብስ ርዝመት ተናገሩ። ኮምፒውተሮቹ ሃያ ብቻ እንደሆኑ፣ እንደ ወትሮው ሁለት ወንበር ለሴቶች እንደተያዘ፣ ፈላጊ ከበዛ ዓርብ ዕለት ዕጣ እንደሚወጣ፣ መጽሐፍ የጣለም እንደሚቀጣ አስታወቁ። ቀጥሎ የኮምፒውተር መምህሩ ተነሳ። ተማሪዎቹ "ገመዱ" ነው የሚሉት፤ ሁልጊዜ የሆነ ገመድ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይሄዳል።

"ዘንድሮ ስምንት ሴቶች ተመዝግበዋል" አለ። "እስከ ዛሬ ከሁለት በልጠው አያውቁም። እስቲ እናያለን፣ በወሩ አልቅሰው ካልወጡ!"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እናትየው ግን አልሳቀችም።

ሰኞ ሁለት ስሞች ተሰረዙ። ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነበር የነገረቻት።

"የዳቦ ቤቱ ልጅና ቀይዋ ወጡ። እናቶቻቸው ናቸው ያስወጧቸው።"

"ምን ብለው?"

"የስክሪኑ ጨረር ለሴት ልጅ ማህፀን አይሆንም ብሏቸው ሰው።"

"የምን ሰው?"

"አይናገሩማ! የዳቦ ቤቱን ልጅ ትናንት ስትለኪያት ምንም አላለችሽም?"

"እሷ ምን ትለኛለች? እጇን ዘርግታ ቆመች፣ ለካኋት፣ ወጣሁ።"

የደንብ ልብስ ወቅት ነበር። እናትየው ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ከቤት ቤት ትዞራለች። የልጆቹን ትከሻና ወገብ ትለካለች፣ ከእናቶቹ ጋር ትንሽ ተጨዋውታ ወደሚቀጥለው ቤት ታልፋለች።

ማክሰኞ ሦስት ልጆች ወጡ፤ ረቡዕ ደግሞ አንዲት። ወሬው ያው የጨረሩ ወሬ ነው።

"ገመዱ ነው" አለች ልጅቷ፣ እያለቀሰች። "ሌላ ማን ይሆናል? በሰው ፊት ነው የሳቀብን። እንድንገባ አይፈልግም!"

"ሰውን ያለ ማስረጃ አትጠርጥሪ፣ ልጄ።"

"አንቺ ደግሞ ለማንም ታዝኛለሽ!"

እናትየው ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"አሁን ስንት ቀራችሁ?"

"ሁለት። እኔና አጠገቤ የምትቀመጠዋ።"

"ሁለት ከሆናችሁ ደህና ነው፤ ዕጣም አይወጣ።"

ያን ሰሞን እናትየው ጸሎቷን ቶሎ ጨርሳ ትነሳለች። ሥራ በዝቶባት ነው አለች ልጅቷ ለአክስቷ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት የስፌት ቤቱ በር ተንኳኳ። ገመዱ ነበር። ቁጭ ይበሉ ቢባልም አልቀመጥም አለ።

"ስድስት ልጆች ወጥተውብኛል" አለ። "እናቶቹ እኔን ሲያዩ በር ይዘጋሉ። እርስዎ ሁሉም ቤት ይገባሉ። ይህን ወሬ የሚነዛው ማን እንደሆነ አልሰሙም?"

ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ጥርሷን ነከሰች። ራሱ ያወራል፣ ራሱ ይጠይቃል!

"ሰው ስንቱን ያወራል፣ መምህር" አለች እናትየው፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ።

"የእርስዎ ልጅስ ትቆያለች?"

"የኔዋን ለኔ ይተዉልኝ።"

መምህሩ ጥቂት ቆሞ አያት። ከዚያ ገመዱን አስተካክሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አላለቀሰችም። ይህ እናትየውን ከለቅሶው ይበልጥ አስደነገጣት።

"አጠገቤ የምትቀመጠዋም ወጣች።"

እናትየው ከወንበሯ ተነሳች። "እሷ? እሷ ደግሞ ለምን? እሷን ማን ነገራት?"

"ማንም አልነገራትም። ስድስት ሴት ከወጣ የሆነ ነገር ቢኖር ነው አለች። ወጣች፣ በቃ።"

"አንቺ ግን አለሽ።"

"የለሁም፣ እማዬ። ነገ ስሜን ላሰርዝ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ወንዶቹ ጥቁር ሰሌዳው ላይ 'አንዷ ቀረች' ብለው ጻፉ። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ። ያጠፋው ራሱ ገመዱ ነው፤ ውጡልኝ ብሎ ጮኸባቸው።" ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "ዓመቱን ሙሉ እዚያ መሃል ብቻዬን ልቀመጥ? ስሳሳት አሥራ ስምንት ሰው ሊስቅብኝ? አልችልም። አንቺም ብትሆኚ አትችዪም።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ ስትመኚው ኖረሽ?"

"ከነሱ ጋር ነበር የተመኘሁት።"

የስፌት መኪናው መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቆሟል።

"ምዝገባው የሚዘጋው መቼ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ነገ እኩለ ቀን ላይ።"

"እስከዚያ ስምሽን አታሰርዢ።"

"ምን ሊቀየር?"

"ጠብቂኝ አልኩሽ እኮ።"

ያን ምሽት እናትየው ከጸሎቷ ቶሎ አልተነሳችም። ልጅቷ እራት አቅርባ ጠበቀቻት፤ እራቱ ቀዘቀዘ።

በነጋታው ጠዋት እናትየው ሰው ለሥራ ሳይወጣ ደረሰችና የስድስቱን ልጆች በሮች ለሁለተኛ ጊዜ አንድ በአንድ አንኳኳች፤ አሁን የነገረቻቸው ግን እውነቱን ነበር።