የመዲና ኤሊ

መለያ የተለጠፈባት ኤሊ ባሕር ላይ ሁለት ሰዓት ከቆመች ሳተላይቱ ያያታል፤ አዳኝ ጀልባም ወዲያው ይላክላታል። ለሰው እንዲህ ያለ ነገር የለም። አምና የዓሣ አጥማጁ ባሏ የሁመድ የጀልባ ሞተር ባሕር መሀል ቢጠፋ፣ መዲና የኤሊ ጥበቃ ቢሮው ደውላ «እኛ የምንከታተለው ኤሊ ነው» ተባለች። ሁመድ በአራተኛው ቀን ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ለዚሁ ቢሮ ኤሊዎቹ ላይ መለያ ስትለጥፍ የምትውለው ደግሞ እሷው ናት።

ዛሬም ሁመድ ከባሕር ሳይመለስ ቀኑ ተጋመሰ። ስልኳ ጠራ፤ የቢሮው ተረኛ ነው።

«እህት መዲና፣ ዛሬ ያስመዘገብሻት ኤሊ አንድ ቦታ ቀጥ ብላለች። ጀልባ ልከናል።»

«የሚጠጣ ውሃ ይያዙ።»

«ለኤሊ?»

«ይቺኛዋ የባሕር ውሃ አትጠጣም፤ ነገር አታብዛብኝ» አለችው መዲና፣ ጠዋት ከባሏ ምሳ ዕቃ ሥር ያጣበቀችውን መለያ እያሰበች።