የኤድዊን ፔል መታሰቢያ

ሽማግሌው ከጎብኚዎቹ ኋላ ኋላ እየሄደ በየመታጠፊያው ዞር ዞር ይላል። ወጣቷ አስጎብኚ የእንግሊዟን ትንሽ የወንዝ ዳር መንደር ታሪክ እየተረከች የድንጋይ ድልድዩን፣ የውሃ ወፍጮውንና ግንቡ የዘመመውን ቤተ ክርስቲያን አሳየቻቸው። እሱ አንዱንም አልሰማም። መንደሯ የተወለደባት ናት፤ በጎረምሳነቱ ከወጣ ወዲህ አልረገጣትም። ሰው እንዳያውቀው ፈርቷል፤ እግሩ ግን አላስቀምጥ ብሎ አመጣው።

ወንዙ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ቆሙ። መደገፊያው ላይ ስም ተቀርጾበታል።

«የኤድዊን ፔል መታሰቢያ ነው» አለች አስጎብኚዋ። «በሠርጉ ዕለት ጠዋት ሊዋኝ ገብቶ ወንዙ ወሰደው፤ ልብሱ ወንዙ ዳር ተገኘ፤ ሬሳው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወንበሩን ያሠሩት ሙሽራዋ ናቸው።»

ሽማግሌው ወደ ወንበሩ ጠጋ ብሎ ስሙን አነበበው። ስሙ የራሱ ነበር። ያን ጠዋት ግን አልዋኘም፤ ትዳሩን ፈርቶ በጀልባ ተሻግሮ ጠፋ እንጂ።

«በሕይወት አሉ?» ሲል ጠየቀ።

«አሉ እንጂ። ያው እየመጡ ነው።»

አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጥታ ወንበሩ ላይ አረፍ አለች። ሌሎቹ ወደፊት ሲያልፉ እሱ ወደ ኋላ ቀረ።

«አግነስ» አለ አጠገቧ ቆሞ። «እኔ ነኝ። ሰጠመ ብለው አታለሉሽ፤ አልሰጠምኩም።»

አሮጊቷ ከወንዙ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ማንም አላታለለኝም» አለች። «ጀልባው ላይ ስትወጣ በመስኮት አይቼህ ነበር። ልብስህን ወንዙ ዳር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»