የመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚጠብቀው አውሬ

"አባባ! እንዳይነኩት! ጅቡ ከነቃ አንዷ ነፍስ ትጠፋለች!"

አቶ እንደሻው እጃቸውን ከሐረሩ ቡዳ በር ግንብ ላይ እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡት...

አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ። ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ያስተማሩ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ጌም ይጫወታሉ!

ጌም ነው እንዳትሏቸው ግን...

"መጽሐፍ ነው!" ይላሉ ተቆጥተው።

እውነትም መጽሐፍ ነው። የአምስተኛ ክፍሏ ገሊላ "ጓደኛዬ አዋሰችኝ" እያለች በየቅዳሜው አንድ ምዕራፍ ታመጣላቸዋለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው... ሦስት ነፍስ ያላት አንዲት ልጅ የሐረርን በሮች ቁልፍ ከሚናገሩ ጅቦች ማስመለስ አለባት። አንዱ ደረጃ ካልታለፈ ቀጣዩ አይከፈትም። አንባቢውም ቤቱ ተቀምጦ አያልፍም፤ በሩ ድረስ ሄዶ የጅቡን እንቆቅልሽ መፍታት አለበት።

አቶ እንደሻው "እስቲ ልጅቷን ላስደስት" ብለው ነበር የጀመሩት... ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ምሳቸውን ረሱ!

ተወልደው ያደጉበት ግንብ አዲስ ሆነባቸው። ሰንጋ በር ሲደርሱ ልባቸው ድው ድው አለ። ጅቦች ሌሊት የሚገቡበትን ቀዳዳ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ከወዲያ በኩል የሆነ ዓይን ያያቸው መስሏቸው ወደ ኋላ ዘለሉ። ከዚያ በራሳቸው ሳቁ።

"ይሄን የጻፈ ሰው እጁ ይባረክ!" አሉ እየተደነቁ። "መቼም ትልቅ ደራሲ መሆን አለበት።"

ገሊላ አቀርቅራ ጫማዋን አየች...

የመጨረሻው ደረጃ ግንቡ በከበባት አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ነው። የእርቅ መንገድ የሚሏት ጠባብ መተላለፊያ ላይ።

ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተገናኘባት ደረት ለደረት ሳይነካካ አይተላለፍም። የተጣላ ሰው እዚያ ከገባ ታርቆ ይወጣል የሚባለውም ለዚህ ነው።

አቶ እንደሻው ይህን ሲያነቡ ፊታቸው ጠቆረ። ከመንገዷ ማዶ የሚኖር ሰው አለ...

ሐጂ አደም። የልጅነት ጓደኛቸው።

ከዓመታት በፊት የሐጂ አደም ባለቤት ዘይነባ አረፈች። እንደ ሙስሊም ወግ በዚያው ቀን ተቀበረች። አቶ እንደሻው ያን ቀን ከከተማው ወጣ ብለው ሶፊ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ቀብሩ አልቋል።

"እንዴት አንድ ስልክ አይደውልልኝም?" ብለው ተቀየሙ። ከንዴቱም ከኀፍረቱም ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ።

ሐጂ አደም ደግሞ "ለለቅሶ ይጠራል እንዴ?" ብለው ተቀየሙ።

በዚያው ተዘጋጉ።

"ሌላ ቀን እንሂድ" አሉ አቶ እንደሻው።

"ዛሬ ካልሄድን ልጅቷ ትሞታለች አባባ... አንድ ነፍስ ብቻ ነው የቀራት።"

ለዚያች ልጅ ሲሉ ሄዱ...

ምዕራፉ እንዲህ ይላል፦ "አውሬው መንገዱ መሃል ይጠብቅሃል። በሰይፍ አይሞትም። ቀድሞ ሰላም ያለ ያሸንፈዋል።"

መንገዷ መሃል ሲደርሱ ከወዲያ በኩል አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። አንዲት ልጅ እጃቸውን ይዛለች። በሌላው እጃቸው ያንኑ ምዕራፍ ይዘዋል።

ሐጂ አደም ናቸው!

ሁለቱም ቆሙ...

አቶ እንደሻውን እንባቸው ቀደማቸው።

"ሰላም ነህ አደም? ዘይነባን... ሳልቀብራት ቀረሁ።"

"አላህ ይርሐማት" አሉ ሐጂ አደም።

"ለምን አልደወልክልኝም?"

"የሚጠራ እንግዳ ነው እንደሻው! አንተ የቤቱ ሰው... ወላሂ በር በሩን ሳይ ነው የዋልኩት።"

"እኔ ደግሞ የቤቱ ሰው ነኝ፣ ከሁሉ በፊት ለኔ ይነግረኛል ብዬ..."

መጨረስ አልቻሉም። በዚያች ጠባብ መንገድ ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ሲረጋጉ ሐጂ አደም ወረቀቱን አነሱ። "እኔን የልጄ ልጅ ዋፊቃ ናት ጎትታ ያመጣችኝ። አንተ ይሄን መጽሐፍ ከየት አገኘኸው?"

ሁለቱም ዞረው ልጆቹን አዩ...

ገሊላና ዋፊቃ ለካ አንድ ክፍል ናቸው። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ፣ አያቶቻቸው እንዳይሰሙ ተደብቀው የሚጫወቱ ጓደኛሞች!

"የጻፍኩት እኔ ነኝ አባባ" አለች ገሊላ። "ጅቦቹን ያሰበቻቸው ዋፊቃ ናት።"

አቶ እንደሻው በመገረም አፋቸውን ያዙ። "ታዲያ አውሬው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?"

"ሁለታችሁም አይደላችሁም" አለች ዋፊቃ። "አውሬው ኩርፊያችሁ ነው።"

ያን ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ዘይነባ መቃብር ሄዱ...

ወዳጆቼ፣ ቅያሜ ሁሉ ከጥላቻ አይመጣም። አንዳንዴ ከፍቅር ብዛት ነው። "ቤተኛ ነው" ብለን ሳንጠራው፣ "ቤተኛ ነኝ" ብለን ጥሪ ስንጠብቅ ስንቱን ወዳጅ አጣን!

እናንተስ... "እሱ ይደውል" ብላችሁ ዓመት ያስቆጠራችሁበት ሰው አለ? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉት...

ወይም ኮሜንቱን ተዉትና አሁኑኑ ደውሉለት።