የአዴር ሰማታር ሁለተኛ ፎቶ

«ኮቱን አላወልቅም» ይላል አዴር ሰማታር። «ሰርግ ነው አቦ። በሽርጥ ልታነሺኝ ነው?»

ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ፣ ኩራዝ ከሚሠራባት ጠባብ ሱቁ ደጃፍ ላይ ነን። አዴር የምለው በሶማሊኛ አጎቴ ለማለት ነው። ኮቱን ከጎረቤት ተውሶታል፤ እጅጌው ጣቶቹን ውጦታል። አንገቱን እንደ ዘብ ገትሮ ካሜራዬ ላይ ያፈጣል። ፎቶውን አጥቤ ከሰዓት በኋላ ለሚነሳው የጅቡቲ ባቡር ካላደረስኩ ደግሞ ነገሩ ሁሉ አበቃ።

ልጁ ቢላን ጅቡቲ ላይ ልታገባ ነው። እግሩ እዚያ ድረስ አላስኬድ ስላለው ፎቶው በሱ ፈንታ ከሙሽራዋ ጎን እንዲቀመጥ ታስቦ ነበር። መጀመሪያ ስቱዲዮዬ ሲመጣ እንደ ደንበኛ ሁሉ የቤቱን ኮትና ከረባት አለበስኩት፤ ድሬዳዋ ውስጥ ያን ኮት ለብሶ ያልተነሳ ወንድ ጥቂት ነው። የጉንጩንም ጠባሳ ኔጌቲቩ ላይ በእርሳስ አጠፋሁለት፤ ያምርበታል ብዬ። ፎቶውን ያደረሰችው ነጋዴ ሴት ግን የቢላንን ቃል ይዛ ተመለሰች፦ «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?»

ከዚያ ወዲህ ሰውየው እንቅልፍ የለውም። ኮቱ ነው፣ እርሳሴ ነው ብለው አይሰማኝም።

«ኮት አባት ያስረሳል እንዴ፣ ሰርካዲስ? ልጄ ረሳችኝ በቃ።»

መከራከሩን ትቼ ከእግሩ ሥር ቁጢጥ እላለሁ። «እሺ፣ ልበሰው። መጀመሪያ ሻይህን ጠጣ።»

መጠበቅ እችልበታለሁ። እሁድ እሁድ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በሆዴ ተኝቼ ጉንዳንና ጢንዚዛ የማነሳ ሴት ነኝ። ጅቡቲ ድረስ ሄዳ መርከቡን ትታ ሸርጣን አንስታ መጣች ብሎ ሰፈሩ ይስቅብኛል፤ እኔም ሸርጣኑን በትልቁ አትሜ ከጃንሆይ ፎቶ ጎን ሰቀልኩት።

ፀሐይዋ ከኔ ይልቅ ታሳምናለች። ብዙም ሳይቆይ አዴር ሰማታር ላቡን ይጠርግና ኮቱን አውልቆ በጥንቃቄ ያጥፈዋል።

«ትንሽ ልናፈስ ነው። ስታነሺኝ እለብሰዋለሁ።»

«እሺ።»

ሲጠጣ ያፈሰሰው ሻይ ላይ ዝንቦች ይሰፍራሉ። ከተደረደሩት ቆርቆሮዎች መሃል አንዲት እንሽላሊት ጭንቅላቷን ታወጣለች። አዴር ሰማታር ዝም በይ ለማለት ጣቱን ያነሳብኛል። እሷ ትንሽ ሮጥ ትላለች፣ ትቆማለች፣ ጉሮሮዋ ይርገበገባል። እጄ ከልማዱ ካሜራውን ወደሷ ያዞራል፤ መቼም እንዲህ ያለች ቆንጆ ቆማ አትጠብቀኝም። ቀና ስል ግን እሱ አጎንብሶ ያያታል፤ የፊት ጥርስ የሌለው አፉ በፈገግታ ተከፍቷል፣ ጠባሳው ከፈገግታው ጋር ተጨማዷል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ካሜራውን ወደሱ ከፍ አደርጋለሁ።

ቀጭ።

እንሽላሊቷ አንዷን ዝንብ ቀልባ ትሰወራለች።

«እሷን ነው ያነሳሽው?»

«አንተን ነው፣ አዴር።»

ይቆጣል ብዬ እጠብቃለሁ። እሱ ግን ገና ቆርቆሮዎቹን እያየ ነው።

«ቢላን ትወዳት ነበር» ይላል። «ይቺን አይደለም፣ አያቷን ይሆናል እንግዲህ። እኔ ጣቴን ሳነሳ ልጄ ትንፋሿን ይዛ ቁጭ ትላለች። ወላሂ፣ እናቷ ለምሳ ብትጠራት እንኳ አትነሳም።»

«የት ነበር የምትቀመጠው?»

በአገጩ ወደኔ ያሳየኛል። «እዚችው። አንቺ ያለሽበት።»

ለቢላን የምልከው ይሄኛውን ነው። ለመነሳት ጀምሬ ነበር፤ ባቡሩ አይጠብቅም። ግን ትንሽ እቆያለሁ። ካሜራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ከዚህ ሲያዩት አባት በጣም ትልቅ ነው።