ለዒላማ የሚሆን ጠመንጃ

በዚያ አገር ጠመንጃ ፈላጊ ሁሉ ሽማግሌውን ሳያማክር አይገዛም። መርጠው፣ ተኩሰው ሞክረው፣ በመጨረሻም ባለቤቱን መርቀው ያስረክባሉ። ዛሬ አንድ የማያውቁት ጎልማሳ ሦስት ጠመንጃ ይዞ ደጃቸው ቆመ።

«ለዒላማ ነው፣ አባቴ። የቱ ይሻለኛል?»

«ርቀቱስ?»

«ከዚህ እስከ ወንዙ ማዶ አውድማ ቢሆን ነው።»

ሽማግሌው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነፍሳቸው ነው። የአንዱን ሰደፍ ከበደ ብለው መለሱት፤ የሌላው ምላጭ ጠጠረባቸው። በሦስተኛው ግን፣ ገደሉ ሥር ያለችውን ነጭ ድንጋይ አልመው ፈረካከሷት። ማነጣጠሪያውንም ለጎልማሳው ዓይን አስተካከሉለት።

«ይኸ አይስትም። ያዘው!»

ጎልማሳው ጠመንጃውን እንደያዘ ለምርቃት ተንበረከከ። እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«የማን ልጅ ብዬ ልመርቅህ?»

«የሟቹ የባንቴ ልጅ ነኝ።»

እጃቸው እዚያው ደርቆ ቀረ። ወንዙ ማዶ፣ ባንቴን ገድሎ ታስሮ የከረመው፣ ሰሞኑን የተፈታው ልጃቸው ለበሬዎቹ እያዜመ ጤፍ ያበራያል።

«ይመርቁኝ እንጂ፣ አባቴ» አለ ጎልማሳው፣ ቀና ሳይል።