ሰማዩ ጭጭ ካለ ወዲህ

የበረራ ተቆጣጣሪዋ ውባለም ከኤርፖርቱ ማማ «ወደ ግራ ታጠፍ» ስትል አብራሪው ቃል በቃል ይደግምላት ነበር፤ መስማቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። አውሮፕላኖቹን ሳተላይት ይመራቸው ከጀመረ ወዲህ ግን ሰማዩ ጭጭ አለ። «ያንቺ ሥራ መመልከት ብቻ ነው» አሏት። መመልከትማ ዶሮም ትመለከታለች!

ዛሬ ከሥራ ተመልሳ ሽሮዋን ስታማስል ልጇ ኪሩቤል ከድሬዳዋ ደወለ።

«እማዬ፣ ለፋሲካ አልመጣም።»

«ለፋሲካ አትመጣም» አለች፣ እንደ ልማዷ።

«ምነው ደገምሽው?»

«መስማቴን እንድታውቅ ነዋ። ናፍቀኸኛል፣ ልጄ።»

ማማሰያዋን አንስታ ጠበቀች።

«እሺ እማዬ» ብሎ ዘጋው።

ሽሮው እያረረ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቆየች። ማማው ላይ «እሺ» ብቻውን መልስ ሆኖ አያውቅም።